ሆስፒታሉ ለአስር ቀን እንዲያኮርፈኝ

ቀን፦ ኅዳር 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ባቢክር
የሆስፒታሉ ዳይሬክተር
ከሰላ ከተማ

ጉዳዩ፦ ለልጄ ጉሮሮ ጤንነት ሲባል ለአስር ቀን እንድንጣላ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በጋሽ ወንዝ ዳር ሙዝ የማለማ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነኝ። አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ደግነት ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ይኸው ደግነት ልጄን ሊነጥቀኝ እንደነበር በትሕትና አመለክታለሁ።

1. ባለፈው ወር የታላቋ ልጄ የሩቂያ ቶንሲል በሆስፒታልዎ ወጣ። ቀዶ ሕክምናው እንከን አልነበረውም። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ለአስር ቀን ጠያቂ እንዳይገባ በፊርማዎ አዘዙ። ትእዛዙን አክብሬ በር ላይ በመቆም የገዛ እናቴን ሳይቀር መለስሁ። እናቴ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም።

2. በእኛ ዘንድ በሽተኛ የማይጠይቅ የተጣላ ሰው ብቻ መሆኑን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። በሁለተኛው ቀን ዋና ነርሷ ሲት አልበናት ልጄን ብቻዋን ተኝታ ብታያት፣ «ምነው የኔ እናት፣ ሰው የለሽም እንዴ?» ብላ ሁለቱንም ጉንጯን ሳመች። ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪ ሠራተኞች፣ በማግስቱ ዘበኞቹ ከነልጆቻቸው ገቡ። በአራተኛው ቀን አሥራ አራት አባላት ያሉት የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ጠያቂ አለመግባቱን ሊያጣራ መጣ። አጣርቶ ሲያበቃ ተራ በተራ ሳማት። ክቡርነትዎም ጉንፋን ይዞዎት ሳለ፣ «እኔ ካልጠየቅኋት ማን ሊጠይቃት ነው?» ብለው ግንባሯን ስመዋል።

3. በስድስተኛው ቀን ጉሮሮዋ አመረቀዘ። ትኩሳቷ ነደደ፣ ከአፏም ደም መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ምራቋን መዋጥ አቅቷት እጄን ይዛ ታየኝ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፋለች።

4. አሁን ቶንሲል የማስወጣቱ ተራ ለታናሿ ለሱዓድ ደርሶ ለፊታችን እሑድ ተቀጥራለች። ጠያቂ ቢከለከል የባሰ እንደሚያሳዝን አይተናል፤ የቀረን ጠብ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከነሠራተኞችዎ ለአስር ቀን እንዲያኮርፉኝ፣ ኩርፊያውም ማኅተም ተደርጎበት በሩ ላይ እንዲለጠፍልኝ እጠይቃለሁ። ሐኪሟና አንዲት ነርስ ብቻ እጃቸውን ታጥበው ይግቡ፤ ሳይስሙም ይውጡ። ለጠቡ ምክንያት ቢያስፈልግ፣ በግቢዎ ያለው ማንጎ ጎምዛዛ ነው ብያለሁ። ከዚህ የከፋ ልጽፍ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

5. ለሚስቴ ብቻ የነገርኋት ጠብ ተሰምቶ ኖሮ፣ ይህን እየጻፍሁ ሳለ ሰባት ሽማግሌዎች ቤቴ ገብተዋል። ሁለቱ ያስላሉ። «ዶክተሩን ይዘን እሑድ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ እናስታርቃችኋለን» ብለው ምለዋል። እኔ ሽማግሌ እምቢ ለማለት አቅም የለኝም። ስለ ልጄ ብለው እርስዎ እምቢ ይበሉልኝ።

ሰላምታዬ ከአሥራ አንደኛው ቀን ጀምሮ የሚደርስዎ፣

አደሮብ ኦሃጅ
(ፊርማ)