ከጨለለቅቱ መንገድ የተመለሰችው ንግሥት

ውድ አንባቢዎቼ፣ ደብዳቤው ውስጥ ከመግባቴ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ሹክ ልበላችሁ፤ ከሰው ከምትሰሙት ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል። ባለፈው ሳምንት በስልኬ ቼዝ ስጫወት ፈረሴን ያለቦታው አስቀመጥኩና በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ጪጩ መውጫ ላይ ባጃጅ ውስጥ ነኝ፤ ጉድጓድ ገብተን ጣቴ ስቶ ነው፤ እርምጃዬ ይመለስልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤቴ ሥርጉት ከሥሩ «ኧረ ጋሽ ዳምጠው! በረንዳዎ ላይ እግርዎን ሰቅለው እያየሁዎት!» ብላ ለጠፈችበት። ሠላሳ ስምንት ሰው ሳቀብኝ። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ያስተማረኝን ደንብ ላወጡልን ሰው ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ስላለብኝ ይኸው ጽፌያለሁ።

ለክብርት ወይዘሮ አትጠገብ
የዲላ የስልክ ቼዝ ወዳጆች ማኅበር ሰብሳቢ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለማኅበራችን የዓይን ብሌን ለወጣት ሲራክ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ ከጨጓራዬ በቀር ደህና ነኝ። እንደሚያውቁት ለሐዋሳው ውድድር ከሚሄዱት አራት ተጫዋቾቻችን ሦስቱ ተመርጠው የቀረው አንድ ቦታ ነው። ያ ቦታ ለስድስት ዓመት የእኔ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከጨለለቅቱ እስከ ወርቃ በሞተር እየተመላለሰ ቡና የሚገዛው ሲራክ ከእኔ ጋር እንዲፎካከርበት ስለፈቀዱ፣ ውለታዎን እንደሚከተለው ልዘርዝር።

አንደኛ፣ «የመንገድ ይቅርታ» ስለተባለው ደንብዎ አመሰግናለሁ። መንገድ ላይ ያለ ተጫዋች እርምጃዬ ይመለስ ካለ ተጋጣሚው ይመልስለታል፤ አልመልስም ካለ ጨዋታው ይደገማል። ኔትወርኩንም ጉድጓዱንም የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ደንቡ የርኅራኄ ነው። እኔን የሚገርመኝ የመንገዱ ጠባይ ብቻ ነው፤ ሲራክ ንግሥቱን ሊያጣ ሲል ሞተሩ ይዘላል፣ የእኔን ንግሥት ሲወስድ ግን ያው መንገድ አስፋልት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለአራተኛው ቦታ የተጋጠምን ዕለት ልጁ ንግሥቱን አምጥቶ ከወታደሬ ፊት አቆማት። ወሰድኳት። ወዲያው «ጋሼ፣ ከሞተር ኋላ ተቀምጬ ነው፣ ጣቴ ተንሸራቶ ነው፣ ይመልሱልኝ» አለ። አልመልስም አልኩ። እርስዎም ነገሩን በሙሉ ጥሞና ለሦስት ደቂቃ ያህል መርምረው «ጋሽ ዳምጠው፣ ልጅ ነው እኮ፣ አይጨክኑበት» በማለት ጨዋታው እንዲደገም ወሰኑ። ንግሥቲቱ ከሞት ተነሣች። እኔ ኋላቀሩ፣ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው በሁለት እጁ መያዝ ያለበት ሞተሩን ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ «የዓመቱ ጨዋ ተጫዋች» የሚለውን የምስክር ወረቀት ለሲራክ ስለሰጡልን። ዘንድሮ አሥራ አንድ ጊዜ እርምጃ አስመልሷል፤ የቆጠርኩት ሥራ ስላጣሁ ሳይሆን ማንም ስላልቆጠረ ነው። በእርግጥ ከእያንዳንዱ በኋላ «ክበሩልኝ» ብሎ ይጽፋል፣ ከጎኑም አበባ ያስቀምጣል። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ፣ ያቺን የባጃጅ ነገር ካልቆጠሩብኝ፣ አንድም እርምጃ አስመልሼ አላውቅም። ለዚህ የተሰጠኝ «ድርቅ ያለ ሰው» የሚል ስም ነው፤ እሱም ያለ ፍሬም።

አራተኛው እንኳ አቤቱታ ለመባልም አይበቃ። ድሮ እሑድ እሑድ ከቸርች ሲመለሱ የተሸነፉበትን ጨዋታ ይልኩልኝና «ጋሽ ዳምጠው፣ እዚህ ጋ ምን ባደርግ ይሻል ነበር?» ይሉኝ ነበር። ምሳዬ እየቀዘቀዘ ረዥም ሐተታ እጽፍልዎት ነበር። አሁን የሚጠይቁት ሲራክን ነው፤ ግሩፑ ላይ አያለሁ። እሱ ደግሞ ለዚያ ሁሉ ጥያቄ የሚመልሰው የአውራ ጣት ምስል ነው። ለአንድ አውራ ጣት «ተባረክ የኔ ልጅ» ሲሉት አንብቤያለሁ። ምን ላድርግ፣ ክብርት ሆይ፤ ቀንቻለሁ።

እንግዲህ የሚደገመውን ጨዋታ ሰኞ ጀመርን። የመንገድ ሰበብ እንዳይኖር ለአንድ እርምጃ እስከ አንድ ቀን ተፈቅዶልናል። ትናንት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ እግሬን ተክዬ፣ ንግሥቴን በገዛ እጄ ወስጄ ከፈረሱ አፍ አስቀመጥኳት። ጉድጓድ አልነበረም። ኔትወርኩም ሙሉ ነበር።

ልጁ አልወሰዳትም። «ጋሼ፣ ይቺን እንዳላየሁ ልቁጠራት። ይመልሷት፣ እጠብቅዎታለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ስድብ ይኖርበት ይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለባለቤቴ አስነበብኳት፤ «ልጁ የሰው ልጅ ነው፣ አንተ ምን ነካህ?» አለችኝ። ስድብ ማጣቴ ከስድብ በላይ አናደደኝ።

ተራው የእሱ ስለሆነ፣ ይህን ስጽፍ የልጁ ሰዓት እየቆጠረ ነው። እርምጃዬን ከመለስኩ ሐዋሳ ልሄድ እችላለሁ፤ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ግን የእኔው መሳቂያ ይሆናል። ውሰዳት ካልኩት ቦታው የእሱ ነው ማለት ይቻላል። ዝም ካልኩት ደግሞ መልሴን ሲጠብቅ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ጊዜው አልቆ ይሸነፋል፤ እኔም ጣቴን ሳላነሳ ሐዋሳ እገባለሁ። ክብርት ሆይ፣ ይህኛው ሐሳብ ለአንድ ሰዓት ያህል አብሮኝ መቀመጡን አልደብቅዎትም።

አንዴ ከተሰጠ በኋላ በሞተርም በባጃጅም ለማይመለሰው ጥልቅ አክብሮቴ ማረጋገጫ ይሆን ዘንድ ፊርማዬን አኑሬያለሁ፤

የቀድሞው የእሑድ አማካሪዎ
ዳምጠው

የተረሳች ቃል፦ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል «ውሰዳት፣ በራሴ ጥፋት ነው» ብዬ ጻፍኩለት፤ ወሰዳት። አደራዎን፣ ጨዋታው ይደገም እንዳይሉልኝ፤ ወንበሬ ከተገዛ ጀምሮ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ሁለት ፈረሶች ቀርተውኛልና ገና እጄን አልሰጠሁም። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ሐዋሳ ማን እንደሄደ እዚሁ እነግራችኋለሁ፤ እኔ ከሆንኩ በዝርዝር፣ ሲራክ ከሆነ በአንድ መስመር።