የደም ብዛት ካርዴ ላይ የሞላኋቸው ምልክቶች

መጋቢት ፫፣ ጧት ፩ ሰዓት

ሽንቴን ከስኳር መመርመሪያው ሰማያዊ ውሃ ጋር አፈላሁ። አረንጓዴ ወጣ፤ ስኳሩ ትንሽ ነው። ደግ። የስኳሩን ክኒን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምሳ ጋር እውጣለሁ። የደም ብዛቱ ግን ትእዛዙ በጧት ነው፣ ከቁርስ ጋር። በዐቢይ ጾም ቁርስ የለም። ቅዳሜና እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እሱን እወስዳለሁ። ካርዱ ላይ ግን በየቀኑ ምልክት አደርጋለሁ። ባዶ መስመር ማየት አልችልም። የኔታ ባዶ ሰሌዳ ይዞ ለመጣ ልጅ ከአለንጋ በቀር መልስ አልነበራቸውም። ደብተሬ፣ አንተ ግን እውነቱን እወቅ።

በዚያው ቀን፣ ፲ ሰዓት

ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ መጣች። እሷም እንደኔ ስኳርም ደም ብዛትም አለባት። የሚሲዮን አማኝ ናት፤ ጧት በልታ ክኒኗን ትውጣለች። አከም ኦልቴ ብላ ሰላምታዋን ሳትጨርስ የደም ብዛቱን ክኒን ብልቃጥ አነሣች። እንደሞላ ነው።

«እንዴ አዴ፣ ክኒኑም ይጾማል?» አለችኝ።

አልሳቅሁም። ስትሄድ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርሁ። መቀመጥ አቃተኝ።

መጋቢት ፮፣ ከሐኪም ቤት መልስ

የሐኪሙ ረዳት ድሬሰር ገመቹ ክንዴን አስሮ ነፋ። ደሜ ሁለት መቶ ዐሥር። ደግሞ ነፋ። ያው። ካርዴን አየ፤ አንድ ቀን አልጎደለም። ለፈረንጁ ሐኪም አሳየው። ሐኪሙም ክኒኑ አልሠራም፣ እጥፍ ይሁን አለ። ያልዋጥሁት ክኒን ምን ይሠራል? አዲሱን ማዘዣ ተቀበልሁ። ይባስ ብሎ ገመቹ ካርዴን ወረፋ ለያዙት ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ከእማማ ተማሩ።»

አንድ የሲሬ ገበሬ አጨበጨበልኝ። ካርዴን ተቀብዬ ወጣሁ።

መጋቢት ፯፣ ንጋት ፲፪ ሰዓት

ቀኝ እጄ ደነዘዘ። ብዕሩ ወደቀ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰ። ፊደሌ አሁንም ይንቀጠቀጣል። እኅቴን እንዲህ ነው የጀመራት፤ መጀመሪያ እጇን፣ ከዚያ አፏን፣ በሳምንቱ ቀበርናት። ሐኪሙ እኔን አይደለም የሚያክመው፣ ውሸቴን ነው።

ጫልቱ መጥታ እጄን እያሸች፣ ጾሙን እንዲያቀልሉልኝ የንስሐ አባቴን ለምን እንዳልጠየቅሁ ጠየቀችኝ። ደብተሬ፣ ለአንተ ልንገርህ። ይከለክሉኛል ብዬ አይደለም። እንደሚፈቅዱልኝ ስለማውቅ ነው። በሽተኛ መባል አልፈለግሁም።

፩ ሰዓት ተኩል

ቀይ እርሳስ አነሣሁ። የውሸት ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሠረዝሁ። ካርዱ ተበላሸ። የኔታ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር። አሁኑኑ አባ ዘንድ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት። ወረፋው ሁሉ እየሰማ ለገመቹ እነግረዋለሁ። የሲሬው ገበሬ ካለም ይስማ።

ጫልቱ በር ላይ ቆማ ትጣራለች። ከአባ ደጅ እንደወጣሁ ልታበላኝ የሽሮ ፍትፍት ቋጥራለች። ቅቤ እንደሌለበት አስማልኋት። ክኒኑን ይዣለሁ፤ እጥፉን ሳይሆን የፊቱን አንዱን፣ ገመቹ ሌላ እስኪለኝ።

ምልክቱን የማደርገው ከዋጥሁ በኋላ ነው።