ማንሲን አትንካው

ኪርክዎል፣ ዲሴምበር 19

ውድ ወንድሜ ሲግርድ፣

ከአበርዲን ለእማዬ የጻፍክላት ደብዳቤ ማክሰኞ ደረሰ። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችልን። «ለአዲስ ዓመት ኳስ እመጣለሁ፤ ማንሲ ሬንዳል እንደ እኔ አንድ ዓይን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ካልገባ እኔ ሲግርድ አይደለሁም» የሚለው ላይ ስትደርስ አባዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ይኸው! የላይ ሰፈር ልጅ!» አለ። እኔ ሾርባዬን መጨረስ አቃተኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ የተወለድከው ላይ ሰፈር፣ እኛው ቤት ነው። እኔ የተወለድኩት እማዬ እኅቷን ልትጠይቅ ወደብ ዳር ወርዳ በረዶ መንገዱን ሲዘጋባት ነው። በኳሱ ደንብ ሰው የሚሰለፈው ለተወለደበት ሰፈር ነውና፣ በዚህ ብቻ ዕድሜ ልኬን የታች ሰፈር ሆንኩ። አባዬ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረብኝ። ኳሷ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ተወርውራ ሁለት መቶ ወንድ ሲራኮትባት፣ እሱ በዓይኑ የሚፈልገው ያንተን ጭንቅላት ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ስጫወት አንድ ቀን እንኳ «ተጎዳህ ወይ?» ብሎኝ አያውቅም። ቀናሁብህ፤ ይኸው ተናገርኩት።

የአምናውን ጨዋታ፣ ያንን ጠባብ መንገድ ታስታውሰዋለህ። የሱቆቹ መስኮት በሳንቃ ተከድኗል። እናንተ ኳሷን ወደ ላይ ወደ ግንቡ፣ እኛ ወደ ታች ወደ ባሕሩ ለማድረስ እንገፋለን። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ክንድ ፈቀቅ አላልንም። ከላያችን እንፋሎት ይነሣል፤ የአንዱ ክርን የሌላውን ጥርስ ያራግፋል። የአንድ ሰው ጎድን ሲሰበር ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ጀልባ ጠጋኙ ማንሲ ከጎኔ እንደ በሬ ያቃስታል። አንተ ኳሷን ደረትህ ላይ አቅፈህ ከግድግዳው ጋር ተጣብቀሃል፤ ፊትህ ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም።

«እንዴት ነህ፣ አንተ ባሕር የተፋህ?» አልከኝ እየሳቅህ።

«ኳሷን ልቀቅ፣ ሲግርድ።»

«ና ውሰዳታ! አባዬ ከፎቅ ላይ እያየ ነው። ምናልባት ዛሬ ስምህን ያስታውስ ይሆናል።»

ቀልድ ነበር። እንደዚያ ስንባባል ነው ያደግነው። እኔ ግን ቀኝ እጄን ከክምሩ ውስጥ እንደምንም መንጭቄ አውጥቼ መታሁህ። አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ። በመጀመሪያው አፍንጫህ ተሰበረ። በሦስተኛው አውራ ጣቴ የት እንደገባ አውቄዋለሁ። ግፊያው ነው አልልህም፤ አላየሁህም አልልህም። አንተ መሆንህን እያወቅሁ ነው የመታሁህ። ደስም ብሎኝ ነበር።

«ሰው ወድቋል!» ተብሎ ሲጮህ እንደ ደንቡ ሁሉም ወደ ኋላ አለ። ተሸክሜህ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ከእኔና ከማንሲ መሀል የወጣው እጅ የማን እንደሆነ አልለየህም ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ መሐረቤን ዓይንህ ላይ እንደያዝኩ፣ «ማንሲ ነው አይደል?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «አዎ፣ እሱ ነው» አልኩህ።

ከዚያ ወዲህ ማንሲ በልጆቹ ማለ፤ ማንም አላመነውም። የሥራ ቤቱን መስኮት ሁለቴ ሰበሩበት። ጀልባ የሚያስጠግነው ጠፋ። እማዬ ሰላምታውን አትመልስለትም። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «ቶርፊን፣ አጠገቤ ነበርክ እኮ፤ ምንም አላየህም?» አለኝ። «አላየሁም» ብዬው አለፍኩ።

ዛሬ ጠዋት ግን ለአባዬ ነገርኩት። ከዘራውን ያነሣብኛል ብዬ ነበር። ትክ ብሎ አየኝና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ። «ዝም በል፣ ልጄ። ማንሲ የታች ሰፈር ሰው ነው፤ እሱ ይችለዋል። አንተ የኔ ነህ» አለ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኳት ቃል ናት። ስሰማት አንገሸገሸኝ።

ከቤት ወጥቼ በቀጥታ ማንሲ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። መዶሻ በእጁ ይዞ ነበር፤ አልመታኝም። «ለወንድምህ ጻፍለት» ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ይኸው ጻፍኩልህ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና አልደፈርኩም። የአዲስ ዓመት ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ኳሷ ስትወረወር ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት፣ ልክ መሀሉ ላይ ታገኘኛለህ። እጆቼ ኪሴ ውስጥ ይሆናሉ።

ወንድምህ ቶርፊን