ከመንገዱ የሰፋው ባነር

አንቺዬ፣ ሳቄ ገና አላባራም!

ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ሰፈሯ ለሰላምና ለፍትሕ የሚያደርገውን የእግር ጉዞ አዘጋጅታ፣ «ፍትሕ ለሁሉም» የሚል ሰፊ ባነር ሰፋች። እኔም እንግድነቴ ቀርቶ ሦስት ቀን ሙሉ ለባነሩ ከጨርቅ ፊደል ስቆርጥ ከረምኩ። ዛሬ ጠዋት የባነሩን አንዱን እንጨት እሷ፣ ሌላውን ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤቷ ያዙ። በአጥር ተጣልተው ሰባት ዓመት ተኳርፈዋል፤ ምን ይደረግ፣ የሰፈሩ ረጃጅሞች እነሱ ናቸው! ደግሞ «ጉዞው በዝምታ ነው፤ ትንፍሽ ያለ ይወጣል» ብላ አስምላናለች።

መሃል ላይ መንገዱ ጠበበና ባነሩ አላልፍ አለ። ጨርቁን እያጠፉ ተጠጉ፣ ተጠጉ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ይሄኔ አክስቴ ቀና ብላ አየችውና፣ «አንተ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?» አለችው።

«በዘጋሽኝ ሰባት ዓመት ነዋ!»

ያ ሁሉ ሰልፈኛ በሳቅ ፈረሰ። ትንፍሽ ያለችው አዘጋጇ ራሷ!

እኛ ሰፈር መንገዱ ሰፊ ስለሆነ የተኳረፈ ሁሉ ሳይነካካ ይተላለፋል። ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም እቀፊልኝ። ባነሩን ለእኛም ጉዞ ለምኜ ይዤው እየመጣሁ ነው። አንዱ እንጨት ያንቺ ነው። ሌላውን ያቺ የማታናግሪያት እህትሽ ትይዘዋለች።