ያልተነሣው ሰሌን

ውድ ልጄ ፉአቲኖ፣

የምጽፍልሽ ባንቺው ደብተር ነው። ፊተኞቹ ገጾች ለሰንበት ትምህርት ልጆች ባዘጋጀሽው ስለተሞሉ ከኋላ ጀመርኩ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ አንዱን ቃል ጽፌ ሌላውን እስካስብ ዶሮዎቹ ሁለት ጊዜ በእግሬ ሥር ያልፋሉ። ከሰዓት በኋላ አባትሽ ጋደም ሲል ከቤታችን ፊት ወጥቼ መቃብርሽ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሲሚንቶው ገና ቀለም አልተቀባም። አባትሽ ነጭ ይሁን ይላል። እኔ ስላንቺ ነገር ሐሳብ ለመስጠት አፍራለሁ።

ከወንድሜ ከሶሎሞና ሞት ልጀምር። ያኔ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። የመንደራችን ሴት የእማማ አኬኔሴ ልጅ ጠጥቶ መኪና ሲነዳ መንገድ ዳር ገጨው። በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ አኬኔሴ መጡ። ልጃቸው ታስሯል፣ ባላቸው ሞተዋል፣ ከዘመድም አብሯቸው የመጣ አልነበረም። ብቻቸውን ከቤታችን ፊት ሣሩ ላይ ተንበርክከው የክብር ሰሌናቸውን በራሳቸው ላይ ጣሉ። እንዲህ ተሸፍኖ ይቅርታ ለመጠየቅ የመጣን ሰው ወጥቶ መግለጥ የእኛ የተበደልነው ድርሻ ነበር። ቶሎ የሚያነሣ አለ፤ አስጠብቆ የሚያነሣም አለ። ጭራሽ የማያነሣ ግን በመንደራችን ታይቶ አያውቅም።

አባትሽ፣ "የሞተው ያንቺ ወንድም ነው። እሺ በይኝና አሁኑኑ ወጥቼ ላንሣው" አለኝ።

"ትቆይ" አልኩት።

ፀሐይ ወጣች። "ቫኦሳ፣ ሰው እያየን ነው እኮ" አለኝ።

"ይይ! እኔም ወንድሜን እያየሁ ነው።"

ቤታችን ግድግዳ የለውም፤ ሁሉም ያያል። መንገደኛው እየቆመ ያይና አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አንቺ ከምሰሶው ሥር ተቀምጠሽ ነበር። "እማ፣ ከሰሌኑ ሥር ያለው ሰው ውሃ አይጠማውም?" አልሽኝ።

"ዝም በይ!"

 ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል በኮኮናት ቅርፊት ውሃ ቀድተሽ ደረጃውን ልትወርጂ ነው። ከእጅሽ ቀማሁና ደፋሁት። አላለቀስሽም። ባዶውን ቅርፊት አንሥተሽ ወደ ጓሮ ሄድሽ።

ቀትር ሲሆን አኬኔሴ ሰሌኑን ራሳቸው ገለጡ፤ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው፣ እያነከሱ ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረግረጉ ዳር ወዳለው ቤታቸው የሚሄድ ሰው ጠፋ። አትሂዱ ብዬ የከለከልኩት ሰው የለም። ግን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ እኔ ካልሄድኩ ማን ይሄዳል? ይህን አውቅ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ሴቶቹ ተሰብስበን ሰሌን ስንታታ የአባትሽ እህት ሲኡሊ፣ "ቫኦሳ፣ ልጅሽ ነርስ ሆነች እንዴ?" አለችኝ።

"የምን ነርስ?"

"አይ፣ ጠዋት ጠዋት የዚያችን የረግረጓን አሮጊት እግር ስታጥብ አይቻት ነው። ደመወዙ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።"

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ባንቺ ላይ መሳቄን ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የምጽፈው።

ማታ ጠየቅሁሽ። "እውነት ነው?"

"አዎ እማ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ። ስኳር ነው። እግራቸውም ቆስሏል።"

"የማን እናት እንደሆነች ረሳሽው?"

"አልረሳሁም።"

"እና?"

"እና... ቁስሉ በየቀኑ መታጠብ አለበት እማ።"

ሌላ መልስ ጠብቄ ነበር። ብትሟገቺኝ አሸንፍሽ ነበር። የቤቱን ሥራ ብታጓድዪም በዚያ እይዝሽ ነበር። አንቺ ግን የምንበላውን ሥራሥር ታሮውን ልጠሽ፣ ልብሱን አጥበሽ፣ እኛን አብልተሽ፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን በልተሽ ነው የምትሄጂው። እንቅልፍሽን እየቀነስሽ እንደነበር ያወቅሁት አሁን ነው።

እኔ ደግሞ አገልጋይ የምባለው ነበርኩ። የመጋቢው የሰንበት ምሳ በእኔ ቁጥጥር ሥር ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ በእኔ እጅ ይታጠባል። ጉባኤ ፊት ስሜ ሲጠራ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ግን ሳይጠራ የቀረ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ያመኛል። ያንቺን ስም የጠራ አልነበረም። አንቺም ጆሮሽን የጣልሽ አትመስዪም ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁብሽ።

አሁን ወደዚያች ሰንበት ደረስኩ። ሦስት ቀን እዚህ ቦታ እየደረስኩ ደብተሩን ዘግቻለሁ።

መጋቢውና ባለቤታቸው እኛ ቤት ነበር የበሉት። ዓሣው፣ በኮኮናት ወተት የበሰለው ቅጠል፣ ታሮው፣ ሁሉ ካንቺ እጅ ነው የወጣው። በልተን ስናበቃ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብለሽ የእጅ ማስታጠቢያውን ሳህንና ፎጣውን ይዘሽ ዞርሽ። መጋቢው ታጠቡ። ባለቤታቸው ታጠቡ። አባትሽ ታጠበ። እኔ ፊት ስትደርሺ እጄን ሰበሰብሁ።

"ያችን ሴት ነክቶ የመጣ እጅ ያቀረበውን ውሃ አልታጠብም" አልኩ።

ለሁሉም እንዲሰማ ነው የተናገርኩት። መጋቢው የተቀመጡበትን ሰሌን ያዩ ጀመር። ያቺ ምላሰኛዋ ሲኡሊ እንኳ፣ "ኧረ ቫኦሳ፣ ልጅ ናት፣ ተይ" አለች። አንቺ ጎንበስ እንዳልሽ ቀረሽ። ሳህኑ እጅሽ ላይ ተንቀጠቀጠና ውሃው ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ። አፍራ ነው፣ ይበላት ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

"እሺ እማ" ብለሽ ሄድሽ። እኔ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ፣ ያ መንቀጥቀጥ ከድካም ነበር። በልጅነትሽ ከጉሮሮሽ ወደ ልብሽ የወረደው በሽታ አልለቀቀሽም ነበር። በየወሩ የምትወጊውን መርፌ፣ ደህና ሆናለች ብለን ያስቆምንሽ እኛ ነን። እኔ ነኝ። ደረጃ ስትወጪ ቆም የምትዪው ለስንፍና መስሎኝ ስንቴ ጮህኩብሽ።

ከዚያች ሰንበት በኋላ አሥራ ስድስት ቀን ነበር የቀረሽ። ወደ አፒያ ሆስፒታል ስንወስድሽ መርከቡ ላይ ራስሽ ጭኔ ላይ ነበር። "እማ፣ ጨርቁ ገመድ ላይ ነው። ዝናብ እንዳይመታው" አልሽኝ። ትቃዣለች አልኩ። "እሺ" እንኳ አላልኩሽም። ከዚያ ወዲያ አልተናገርሽም።

ለሠርግሽ ብዬ አራት ዓመት የታታሁት ሰሌን፣ ቀይ ላባ በጠርዙ የሰፋሁለት፣ ሣጥን ውስጥ ነበር። ለቀብርሽ አውጪው ሲሉኝ የለም አልኩ። ለምን እንደደበቅሁት አላውቅም። ያንቺ መሆኑ እንዳይቀር ይሆናል።

ከተቀበርሽ ሁለት ሳምንት ሲሆን እንጨት ላመጣ ከማድቤቱ ጀርባ ሄድኩ። እዚያ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ገመድ አስረሽ ስድስት ቁራጭ ጨርቅ አስጥተሻል፤ ከቀሚሴ ጨርቅ የተቀደደ ንጹሕ ማሰሪያ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሲያረጥበው ፀሐይ ሲያደርቀው ኖሯል። ያኔ ነው እንዳልቃዠሽ የገባኝ። 

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰሌንሽን ይዤ አኬኔሴ ደጃፍ ሄድኩ። ተንበርክኬ ተሸፈንኩ። ሰሌኑ ሥር ከገባሁ በኋላ ነው ዓይናቸው እንደማያይ ያስታወስኩት። ተሸፍኖ የመጣ ሰው ደግሞ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ያዩኝ ዓሣ ሊያጠምዱ የሚሄዱት ብቻ ናቸው።

"ያቺ የሴቶቹ ሊቀመንበር አይደለችም?" አለ አንዱ።

"ዝናብ ፈርታ ይሆናል" አለ ሌላው። ሳቃቸው እስከ ውሃው ድረስ ተሰማኝ። አኬኔሴም ያን ጊዜ እንዲህ ሰምተው ይሆን አልኩ።

ፀሐይ ጀርባዬን ማቃጠል ስትጀምር የበትር ድምፅ መጣ። በትሩ ጎኔን ወጋ አደረገኝ።

"ይሄ የማን ዐሣማ ነው? ሂድ ከዚህ!"

አልተንቀሳቀስኩም። ደገሙኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ዳሰሱ። ጣታቸው ላባው ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ሰሌን ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ማን ነው ከሥሩ?"

"ቫኦሳ ነኝ እማማ።"

አላነሡትም። አጠገቤ መሬት ላይ ሲቀመጡ ሰማኋቸው። "የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ሰምቼ ለማን ነው ስል ለፉአቲኖ ነው አሉኝ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ያን ቀን ደጃፍሽ ተንበርክኬ ራሴን ሊያዞረኝ ሲል፣ በጀርባዬ በኩል አንዲት ትንሽ እጅ በቅርፊት ውሃ አስገባችልኝ። ቫኦሳ ናት የላከችው፣ ሰው ፊት ማንሣት ከብዷት ነው አልኩ። ያ ውሃ ነው ቤቴ ያደረሰኝ። እስከ ዛሬ ስጸልይ ያንቺን ስም ነው የማስቀድመው። ኋላ ልጅቷ እኔ ነበርኩ ስትለኝ፣ 'እናትሽ ልካሽ ነው አይደል?' አልኳት። 'እግርዎን ያቅርቡ እማማ' ብላ ወሬ ታስቀይረኛለች።"

ልጄ፣ ለካ በጓሮ ዞረሽ ሌላ ውሃ ቀድተሽ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እኔ ባላደረግሁት ደግነት ስሜ እግዚአብሔር ፊት ሲጠራ ኖሯል። ዝም ብል ሰሌኑን ያነሡልኝ ነበር። ዝም ልል ነበር፤ ይህን አልደብቅሽም።  ያንቺን ሳህን ሳስብ ግን አልቻልኩም።

"አልላክኋትም" አልኩ። "የመጀመሪያውን ውሃ ከእጇ ቀምቼ የደፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎን ስላጠበችም ሰው ፊት አዋርጃታለሁ።"

  በትራቸውን ይዘው ሲነሡ ሰማሁ። አያነሡትም፣ ደግ አደረጉ ብዬ እስከ ቀትር እንዲችልልኝ ጉልበቴን አመቻቸሁ።

ብርሃን ፊቴ ላይ ወደቀ። ሰሌኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

"በይ ተነሺ" አሉኝ። "እግሬ ከታጠበ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ውሃው ጓሮ በርሜሉ ውስጥ ነው።"

 አጠብኳቸው። ሽታው ሲመጣብኝ ሮጬ ወጥቼ አስመለስኩ። በእፍረት ተመልሼ ስመጣ፣ "ልጅሽም የመጀመሪያ ቀን አስመልሷት ነበር። በሁለተኛው ይሻላል" አሉኝ።

በሁለተኛውም አልተሻለኝም። በአምስተኛው ተሻለኝ። ሰሌንሽን መኝታቸው ላይ አንጥፌላቸዋለሁ። ሲኡሊ ሰምታ፣ "የሠርግ ሰሌን ለቁስለኛ!" አለችኝ። ትናንት ግን ሳትጠየቅ ሳሙና ይዛ መጣች፤ ደጃፍ አስቀምጣ ተመለሰች።

አገለግላለሁ አልልሽም። ቃሉን ስለ ራሴ ብዙ ጊዜ ተናግሬው ስለማውቅ አፍርበታለሁ። በየቀኑ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ይኸው ነው። ይቅርታሽን ለመጠየቅ ያንቺ ሰሌን ብቻ ነበር ያለኝ፤ እሱንም አንቺ ፊት ሳይሆን እሳቸው ፊት ለበስኩት። አንቺ ብትሆኚ እንዲያ አድርጊ የምትዪኝ መሰለኝ።

ደመናው ከተራራው ወርዷል። ጨርቁ ገመድ ላይ ነው፤ ሳይመታው ልሂድ ላንሣው።

ውሃሽን ሁለት ጊዜ ያልተቀበለችሽ እናትሽ፣
ቫኦሳ