የአባቴ ስም

ሐሙስ፣ የካቲት 10 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ፍሌሚንግተን

እዚህ በሰው አገር፣ እትዬ ብርሃኔ ቤት ከገባሁ ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ትምህርቴን እስክጨርስ አንዱን ክፍል ለቀውልኛል። ምሳ ስንበላ ጉለሌ ማደጌን አነሳሁ። የት አካባቢ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ቀበሌዬን ነገርኳቸው። የእሳቸውም ቀበሌ ነበር። መብላታቸውን ተዉ።

«ወንድሜን የወሰዱብኝ እዚያ ነው» አሉ። «በቀይ ሽብር ጊዜ። በሩን ያንኳኳው ራሱ ሊቀ መንበሩ ነበር፤ ተሰማ የሚባል፣ ወርቅ ጥርስ ያለው። ሬሳውን እንኳ አልሰጡንም።»

ተሰማ አባቴ ነው። ልጅ ሆኜ ጭኑ ላይ ተቀምጬ ያን ጥርሱን በጣቴ እየነካሁ እስቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣልኝ። እትዬ ከፖስታ ሳጥኑ አውጥተው አመጡልኝ። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም። ከስሜ ቀጥሎ ያለውን ቃል በጣታቸው አሳዩኝ።

«ይኼ የአባትሽ ስም ነው አይደል? ማን ይባላሉ?»

ፖስታው ላይ «ተሰማ» የሚለውን እያየሁ የአያቴን ስም ጠራሁ። «ኃይሉ» አልኳቸው።

«አባትሽን እግዜር ያቆይልሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

«አሜን» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።