በዘሀራ ቴሌቪዥን የታየው ትንሣኤ

መርሳ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፣

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ መብራት ካልጠፋ።»

ይህን የሰማሁት ከትናንት በስቲያ፣ በማዕዶት ሰኞ፣ በአጥሬ ጥግ ከሚያልፉ ሁለት ሴቶች ነው። እኔ መቼም የሰማሁትን እንደተነገረ የምቀበል ሰው ነኝ። እሑድ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሲነሣ እንቅልፍ አሸንፎኝ ስለነበር፣ የሚደገም ከሆነ አያምልጠኝ ብዬ ሰዓቴን አስተካክዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ።

ሰላምታዬን አስቀደምኩ ብለህ ቁጠርልኝ። ጉልበትህ እንዴት ነው? የኮምቦልቻ ሙቀት ለቁርጥማት ይበጃል ያልከውን ለሐኪማችን ነግሬው፣ «ታዲያ ለምን ያነክሳሉ?» አለኝ። እኛ ደኅና ነን። ፋሲካ ዘንድሮ መርሳ ገብቷል፤ ዶሮውም ድፎውም እንደየአቅሙ ተገኝቷል። ባለፈው ኅዳር ይህን ብትለኝ ኖሮ ከልብ ወለድ መጻሕፍቴ ጋር እደረድርህ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የእህትህ የእልፍነሽ ጉዳይ ነው። ማሩ መጋቢት ላይ ከግንባር ሲመለስ ይዞት የመጣውን ወሬ ጽፌልህ ነበር። ልጇ መልካሙ ኅዳር ላይ ከውርጌሳ በላይ ወድቆ፣ ማሩ ራሱ በእጁ አፈር አልብሶታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እናቱ ብቻ ናት። በጾሙ አይሆንም፣ ወንድሟም ሳይደርስ አይሆንም ብለን መርዶውን ለዳግም ትንሣኤ እሑድ ንጋት ቀጥረን፣ ቅዳሜ እንድትደርስ ለምኜህ ነበር። አሁን ቀጠሮው ተለውጧል። ምክንያቱ ያ የሰኞው ፊልም ነውና ታግሠህ ስማኝ።

ፊልሙን ያመጡት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። የጌታችን ሕማምና ትንሣኤ ነው፤ የፈረንጅ ሥራ ሆኖ ወደ አማርኛ ተመልሷል። የከተማውን አዳራሽ ፕሮጀክተር ጦርነቱ ሲያልፍ ይዞት አልፏል። ስለዚህ ሻይ ቤት ያላትን የዘሀራን ቴሌቪዥን ተዋስን። ነሐሴ ላይ ተኩሱ ሲቃረብ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጭድ ክምር ውስጥ ቀብራው ነበር። አራት ወር ቆይቶ ሲወጣ አንዲት ጭረት አላገኘችውም። መርሳ ውስጥ ተቀብሮ ስለመነሣቱ የዓይን ምስክር ያለው ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

ዘሀራ ቴሌቪዥኗን ተከትላ መጣች። ረመዷን ነውና ጾመኛ ናት፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከዕቃዋ ዓይኗን አልነቀለችም። ስቅለቱ ሲደርስ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ «እኛ ዘንድ ዒሳ አልተሰቀለም፤ ይኼ ሲያልፍ ንገሩኝ» አለች። ሲያልፍ ነገርናት። ማንም ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ከእኛም ሴቶች ማየት የከበዳቸው አብረዋት ተከናንበው ነበር።

ለወንዶቹ ሁሉ የተሰጣቸው ድምፅ አንድ ነው። ጲላጦስ ሲመረምርም፣ ሕዝቡ ሲጮኽም፣ ጴጥሮስ ሲክድም ያው ሰውዬ ነው። ጴጥሮስ «አላውቀውም» ሲል አንዱ ከኋላ፣ «ድምፅህን ለይተነዋል፤ ቅድም ስቀለው ስትል የነበርከው አንተ አይደለህ?» አለው።

ማሩ ደግሞ ሚሊሻ እንደመሆኑ ዓይኑ መቃብሩን በሚጠብቁት ወታደሮች ላይ ነበር። «ቅያሪ የላቸውም እኮ» አለኝ፤ «እነዚያው ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ቆመው ለምን ተኙ ይባላል? ጥፋቱ የአለቃቸው ነው።» የሮማን ዘብ በመርሳ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ጠበቃ ሲቆምለት ሰዉ ሳቀ። እልፍነሽም ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ ሲወጡ ከተመልካቾቹ አንዷ፣ «ሠልስት እየወጡ ነው» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። የአዳራሹ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ሙሾ ተጀመረ። ስንቱን በተኩስ መሐል ቀብሮ ለቅሶ መቀመጥ ያልቻለ ሕዝብ ቴሌቪዥን ፊት ለቅሶ ተቀመጠ። ታሪኩ የት እንደሚደርስ ያልገባው ሰው የለም፤ ገና እሑድ ዕለት «ተነሥቷል» እየተባባለ ሲሳሳም የዋለ ሰው ነው። ግን ሠልስት ሠልስት ነው። እኔም መሐረቤን አወጣሁ።

እልፍነሽ ብድግ አለች። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። «ተዉ እንጂ» አለች ቆጣ ብላ፤ «ሬሳውን ማን አየው? ደግሞ በዓመት በዓል!»

ሬሳውን ያየው ሰው ከፊቷ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጧል፤ ይህንንም የማያውቅ አልነበረም። ማሩ ጄኔሬተሩን ልየው ብሎ ወጣ። ጄኔሬተር አልነበረንም።

ያዳነችን ዘሀራ ናት። «አብሽሪ እልፌ፣ አሁን ይነሣል። ቁጭ በይ፣ ጋረድሽኝ» አለቻት። ተነሣም። መብራቱም አልጠፋ። እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የእህትህ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ይዛ፣ «ጋሼ፣ ሰዉ ደስ አለው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንዲህ ይዋል እንጂ ፋሲካ። ከስንት መከራ በኋላ የመጣ በዓል ነው፤ ማንም ሊያበላሽበት አይገባም።» ተስፋዋ ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ትናንት ጠዋት ሽማግሌዎቹና ማሩ እኔ ቤት ተሰበሰብን። ሬሳውን ማን አየው ብላ በሰው ፊት የተናገረችን እናት፣ በሳምንቱ በንጋት በሯን ማንኳኳት ጭካኔ ነው ተባለ። ማሩ ብቻ፣ «ቤቷ ስገባ ከልጄ ጋር አብረህ አልነበርክም ወይ ትለኛለች። ስንት ጊዜ ልዋሽ?» ብሎ ጠየቀ። ቀጠሮው ለጰራቅሊጦስ ማግስት ተላለፈ፤ እስከዚያ ነገሩን በጥበብ እናለማምዳታለን ተባባልን። እንዴት እንደምናለማምዳት አላወቅንም፤ ጥበቡ ግን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ስለዚህ ቅዳሜ አትምጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኛል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ ለእልፍነሽ የምላትን አንድ ዐረፍተ ነገር አላገኘሁም። እሷ እንደሆነች ትስቃለች፣ እህልም ይበላላት ጀምሯል፤ ከዶሮዋም ፈረሰኛውን ለእኔ አስቀርታልኛለች። እንዲህ አድርገን ማቆየታችን ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

በዓሉን ያሳየን አምላክ ክረምቱንም ያሻግረን። ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ደጅህን የሚያንኳኳው ሁሉ ደግ ወሬ ይዞ ይምጣ። ለልጆችህ እናት ሰላም በልልኝ።

ካንተ ጋር ፊደል የቆጠረው
አብሮ አደግህ

ፖስታውን ሳላሽግ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ከሰዓት ሱሪዬን ላሳጥር ልብስ ሰፊው አብዱልሐሊም ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። እልፍነሽ በጥር ወር፣ ማሩ ገና ከግንባር ሳይመለስ፣ ጥቁር ቀሚስ አሰፍታ፣ ፋሲካ እስኪያልፍ እዚያው እንዲያስቀምጥላት አደራ ብላው ኖሯል። ትናንት ጠዋት መጥታ ወስዳዋለች።